የቫዮሊን ተጫዋቹ ምናኔ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ የአንድ ጀርመናዊ ወጣት ታሪክ ነው። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ እናንተ ሰባት ስምንት ዓመት እየቀነሳችሁ ተከተሉኝ።

በ1878፣ በፌብሩዋሪ ወር፣ ቪስባደን በምትባል የጀርመን ከተማ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ስሙን አንቶን አሉት፤ የቤተሰቡ ስም ጉት ነው። አባቱ የተከበሩ መምህር፣ የከተማዋ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። እናቱ ፒያኖና ዜማ የተማሩ ሴት ናቸው። ቤቱ የካቶሊክ ቤት ነው፤ ጸሎት የማይታጎልበት፣ ሙዚቃ የማይጠፋበት።

ልጁ ከሁሉም የበለጠ ጸሎተኛ ሆነ። ማታ ማታ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ቶማስ አ ኬምፒስ የጻፈውን «ክርስቶስን መምሰል» የተባለ የመነኮሳት መጽሐፍ ይዞ ይመሰጣል። ጫካ ውስጥ ብቻውን መዋል ይወዳል። ስታድግ ምን ትሆናለህ ሲባል መልሱ አንድ ነበር፤ ሚስዮናዊ ሆኜ አፍሪካ እሄዳለሁ ይላል። ልብ በሉልኝ፤ የሕፃንነት ምኞቱ ቢሰምር ኖሮ ወንጌል ይዞ ወደኛው አህጉር የሚመጣ ልጅ ነበር።

ከዚያ ጎረመሰ። አንድ ቀን ከቤት ጠፋ። ወዴት ሄደ? መጠጥ ቤት አይደለም፣ ሴት ተከትሎም አይደለም። ማሪያ ላህ ወደሚባለው፣ ከሐይቅ ዳር ወዳለው የቤኔዲክታውያን ገዳም ነው የኮበለለው። ሊመነኩስ! ብዙም አልቆየም፤ ተመለሰ። በልቡ የሚነደው ነገርና የገዳሙ ሥርዓት አልገጠሙለትም። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ሰውን በስሙ በሚጠራ አምላክ ላይ የነበረው እምነት ላላ። ሥጋ መብላት ተወ። አልኮል አልቀመሰም፣ ትንባሆም አላጨሰም። ፕላቶንን፣ ካንትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሾፐንሃወርን አነበበ። ሾፐንሃወር መቼም ሕይወት መከራ መሆኗን አጥብቆ የጻፈ፣ የህንድን መጻሕፍትም ያደነቀ ጀርመናዊ ፈላስፋ ነው።

እዚህ ላይ ትረካዬን ላቁምና አንድ ነገር ልበል። ልጅ ከአባቶቹ እምነት ሲወጣ፣ ሰው ቶሎ ብሎ «ልቡ ቀዝቅዞ ነው» ይላል። አንቶን ግን በእምነቱ የጋለ ልጅ ነበር። ቤተ ክርስቲያንን እንደ ሰንበት ልማድ ብቻ የያዙት እኩዮቹ የትም አልሄዱም፤ የሄደው እሱ ነው። ሃይማኖት የሕይወት ጉዳይ ነው ብለን ስናስተምረው ቃላችንን አምኖ የተቀበለ ልጅ፣ ጥያቄውንም በዚያው ልክ አጥብቆ ይጠይቃል። ይህን ሳንረዳለት ልጁን ልንረዳው አንችልም።

እንመለስ። አንቶን ሙዚቀኛ ሆነ። በ1897 «ሌገንደ» ብሎ የደረሰውን ሥራ የቪስባደን ኦርኬስትራ ተጫወተለት፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ፍራንክፈርት ታላቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፣ ቀጥሎም ፓሪስ ሄዶ ከስመ ጥሩው የሙዚቃ ደራሲ ከቪዶር ሥር ተማረ። ለታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን ያለው ፍቅር አምልኮ ሊባል ምንም አልቀረው።

ፍራንክፈርት ሳለ፣ በ1899 ገደማ፣ ሥጋ በማይቀርብበት ምግብ ቤት ተቀምጦ አንድ ሰው ስለ ቡድሃ ሲናገር ሰማ። ንግግሩ ልቡን ገዛው። በማግስቱ ለቫዮሊን መምህሩ ነገረው። መምህሩም ስለ ቡድሂዝም የምትናገር አንዲት ትንሽ የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ሰጠው፤ አደራ፣ አብደህ እንዳትመነኩስ የሚል ምክር ጨምሮበት። መጽሐፏን ተቀበለ፤ ምክሩን አልተቀበለም።

እንግዲህ ወጣቱ የሰማው የቡድሃ ታሪክ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት፣ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ፣ ከሻክያ ወገን ሲዳርታ የሚባል መስፍን ነበር። አባቱ ልጁ መከራ እንዳያይ በቤተ መንግሥት አቅማጥሎ አሳደገው። ልጁ ግን አንድ ቀን ወጣ ብሎ ሽማግሌ አየ። ሌላ ቀን በሽተኛ አየ። ሌላ ቀን ሬሳ አየ። በመጨረሻም ሁሉን ትቶ የመነነ ሰው አየ። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ በሌሊት ወጣ። ስድስት ዓመት ራሱን በረሃብ ቀጣ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ከመጠን ያለፈውን ተድላም ከመጠን ያለፈውን ቅጣትም ትቶ፣ ዛሬ ቦድጋያ በሚባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነቃ፤ ቡድሃ ሆነ። እስከ ሰማንያ ዓመቱም ድረስ በእግሩ እየዞረ አስተማረ።

ይህን ስትሰሙ ከግእዝ መጻሕፍት ጋር ትውውቅ ያላችሁ «ቆይ፣ ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ» ሳትሉ አትቀሩም። እውነታችሁን ነው! ከገዳማቶቻችን የግእዝ መጻሕፍት አንዱ «በራላም ወይዋስፍ» ይባላል። አንድ የህንድ ንጉሥ ክርስቲያኖችን ያሳድዳል። ልጁ ክርስቲያን ይሆናል የሚል ትንቢት ሲሰማ፣ መከራና ሞት እንዳያውቅ በውብ ቤት ይዘጋበታል። ልጁ ይዋስፍ ግን ወጥቶ ለምጻምና ዕውር ያያል፣ ቀጥሎም ያረጀ ሰው ያያል፤ ልቡ ይታወካል። በራላም የሚባል መናኝ ነጋዴ መስሎ፣ ዕንቁ ይዣለሁ ብሎ ይገባና ያስተምረዋል፣ ያጠምቀዋል። በመጨረሻ ይዋስፍ ዘውዱን ትቶ ይመንናል።

ሊቃውንት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነቡ ሥራቸው አንድ መሆኑን ተረዱ። የመስፍኑ ታሪክ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ወደ ዐረብኛ ገባ። ከዐረብኛ የጆርጂያ ክርስቲያኖች ወሰዱትና የክርስቲያን ቅዱስ ታሪክ አደረጉት። ከጆርጂያ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ላቲን ተሻገረ፤ የአውሮፓ ሕዝብ በየቋንቋው አነበበው። የሮም ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱን መናንያን በኖቬምበር 27 ታስባቸው ነበር። እንግዲህ የቪስባደኑ ልጅ፣ የዚያን መስፍን ታሪክ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ወሬ አድርጎ ሲሰማ፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ያንኑ መስፍን በሌላ ልብስ አስገብቶት ነበር።

ወደኛስ ማን አመጣው? በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት አባ እንባቆም ናቸው። አባ እንባቆምን የማታውቁ ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ። ትውልዳቸው የመን፣ የተወለዱበትም ሃይማኖት እስልምና ነው። ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ መርምረው ክርስትናን ተቀበሉ፤ ደብረ ሊባኖስ መንኩሰው እስከ እጨጌነት ደረሱ። «አንቀጸ አሚን» የተባለውን፣ ለኢማም አሕመድ የተላከውን መልስም የጻፉ እሳቸው ናቸው። ከቤተሰብ እምነት መውጣት ምን እንደሚያስከፍል ያወቁ ሰው፣ የአባቱን ቤት ትቶ የሄደውን የመስፍን ታሪክ ተርጉመው አወረሱን። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የኛ ሊቅ ያከበረውን ፍለጋ በሌላው ልጅ ስናይ ለምን እንደምንደነግጥ ራሴን እጠይቃለሁ።

ድንጋጤው ግን ከንቱ ነው አልልም። እውነቱን እንነጋገር። የቡድሃ ትምህርት ስሙን የለወጠ ክርስትና አይደለም። ፈጣሪ የለውም። ኃጢአት ይቅር የሚልልህ፣ ጸሎትህን የሚሰማህ አምላክ በመካከሉ አይቆምም። ትምህርቱ በአራት እውነቶች ይጀምራል፤ ሕይወት መከራ አለባት፤ መከራው ከጥማት፣ ከመጎምጀት ይመጣል፤ ጥማቱ ሲቆም መከራው ይቆማል፤ ለዚህም መንገድ አለ። መንገዱ አመለካከትን፣ ንግግርን፣ ሥራን፣ መተዳደሪያን፣ አሳብን መግራት ነው። ሁሉ ነገር አላፊ ነው፤ «እኔ» የምንለው እንኳ ጸንቶ የሚኖር ነገር የለውም ይላል። ለክርስቲያን እናት ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ልጇ ከእርሷ ጋር በአንድ ጸሎት ላይቆም፣ በአንድ ተስፋ ላይጠብቅ ነውና ልቧ ቢሰበር እውነት አላት። ልዩነቱን አለባብሶ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ማለፍ እናትየዋንም ልጁንም መናቅ ይመስለኛል።

አንቶን ልዩነቱን ከሩቅ ሆኖ አልለካውም። ሄዶ ሊኖርበት ቆረጠ። ገንዘብ የለውም፤ ያለው ቫዮሊኑ ነው። በፈረንሳይ፣ በአልጄሪያ፣ በቱርክ ኦርኬስትራዎች ተቀጥሮ እየተጫወተ ለመንገድ ቆጠበ። በ1902 ከተሰሎንቄ ተነሣ። በፍልስጤም በኩል አድርጎ ካይሮ ገባ። ጌታ የተመላለሰባትን ምድር አልፎ ነው ወደ ቡድሃ አገር የሚጓዘው፤ በልቡ ምን እንደተመላለሰ እሱ ያውቃል። ካይሮ ተጫወተ፣ ፖርት ሰይድ ተጫወተ፣ ባሕር ተሻግሮ ቦምቤይ ተጫወተ። ከዚያ ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ደረሰ። እዚያም አልቆየም፤ ወደ በርማ፣ ወደ ራንጉን ቀጠለ።

ራንጉን ለምን? አናንዳ ሜተያ የሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ እዚያ ነበር። የትውልድ ስሙ አለን ቤኔት፣ የለንደን ልጅ፣ እሱም በካቶሊክ ቤት ያደገ። ከአንቶን ትንሽ ቀደም ብሎ ነው በበርማ የመነኮሰው። የሁለቱን መንገድ መመሳሰል እዩት።

በሴፕቴምበር 1903፣ በሃያ አምስት ዓመቱ፣ አንቶን ጉት ጸጉሩን ተላጭቶ ጀማሪ መነኩሴ ሆነ። ለአንድ ወርም ከአናንዳ ሜተያ ጋር በአንድ ክፍል ኖረ። በ1904 መጀመሪያ ላይ ሙሉውን ምንኩስና ተቀበለ፤ ስሙም ንያናቲሎካ ተባለ።

አሁን ነው ነገሩ! ጀማሪው መነኩሴ አሥር ትእዛዛት ይቀበላል። አትግደል፣ አትስረቅ፣ አትዋሽ ያሉትን እናውቃቸዋለን። ከቀትር በኋላ ምግብ አይቀመስም። ወርቅና ብር በእጅ አይነካም። ከነዚህ መካከል አንዷ ትእዛዝ ደግሞ ከዘፈን፣ ከጭፈራና ከሙዚቃ ራቅ ትላለች። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሙዚቃ ያደገ፣ በቫዮሊን ስንቅ ባሕር የተሻገረ ሰው፣ ያደረሰችውን ቫዮሊን በደጃፉ ተዋት። ሙሉ መነኩሴ ሲሆን ደግሞ ሥርዓቱ ወደ 227 ደንብ ከፍ ይላል። እኔ የዚህን ሰው ቁም ነገር የምለካው እዚች ላይ ነው። የሚጠላውን የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ንያናቲሎካ የተወው የሚወደውን ነው።

ጠዋት ጠዋት ሳህኑን ይዞ ለምግቡ ይወጣል። የኛ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሹን ይለምናል፤ የበርማ መነኩሴም በየደጁ ይቆማል፣ ቃል ግን አይተነፍስም። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ይጠብቃል፤ የሰጡትን ተቀብሎ ያልፋል፤ ካልሰጡትም ያልፋል። የርዕሰ መምህሩ ልጅ፣ በፓሪስ የተማረው ሙዚቀኛ፣ እንዲህ ሆኖ እንጀራውን በላ።

ሌላም ድካም ነበረበት፤ ቋንቋው። እሱ የመነኮሰበት የቡድሂዝም ወገን፣ የቴራቫዳ፣ መጻሕፍት የተጻፉት በፓሊ ነው፤ ለነሱ ፓሊ ለኛ ግእዝ እንደሆነው ነው። ንያናቲሎካ ፓሊን አብዛኛውን በራሱ ጥረት አጠና። በላይኛው በርማ፣ በሳጋይንግ ኮረብቶች፣ ዋሻ ገብቶ ተመስጦን ተለማመደ። ትምህርቱን ለማጎልበት ተመልሶ ሲሎን ሄደ። በ1906 «የቡድሃ ቃል» የተባለችውን መጽሐፍ በጀርመንኛ አሳተመ፤ ከፓሊ መጻሕፍት ራሳቸው ቃሉን መርጦ ያሰናዳት ናት። «አንጉታራ ኒካያ» የተባለውን ግዙፍ የስብከት ክምችትም ወደ ጀርመንኛ መለሰ። ምግብ ቤት ውስጥ በሰማት ንግግር አልረካም፤ በሁለተኛ እጅ መጽሐፍም አልቆመም። ምንጩ ድረስ ወርዶ ጠጣ።

በ1911፣ በደቡብ ሲሎን፣ ዶዳንዱዋ አጠገብ ባለች የሐይቅ ደሴት ላይ ገዳም መሠረተ። ደሴቷ ዱር ነበረች፣ እባብ የሞላባት። ከአውሮፓ እሱን መስለው የመጡ ወጣቶችን ተቀበለ፤ ጀርመኖቹ ብዙ ነበሩ፣ አብዛኞቹም እንደሱ ከክርስቲያን ቤት የወጡ። ኋላ ስሙ የገነነው ደቀ መዝሙሩ ንያናፖኒካ ግን ከአይሁድ ቤት የመጣ ነው።

በደሴቲቱ አንድ ሌላ ነገር አድርጓል፤ ሳልናገረው አላልፍም። በሲሎን ሮዲያ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ የሚጸየፋቸው፣ አብሯቸው የማይበላ፣ ደጁንም የማያስረግጣቸው። ንያናቲሎካ ወደነሱ ሄዶ አስተማረ፤ ከልጆቻቸውም ወደ ደሴቲቱ ወስዶ ከሌላው እኩል አኖራቸው። ከቡድሂስቶቹ መካከል የተቆጡ ነበሩ። እሱ ግን የቡድሃ ትምህርት ዘር እንደማይመርጥ ያውቃልና አላፈገፈገም። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን ያራቅን እኛ፣ ይህ ሥራ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ለመረዳት አስረጅ አያሻንም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። 1914። ሲሎን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ መነኩሴው ደግሞ ጀርመናዊ። ቢጫው የምንኩስና ልብሱ አላዳነውም፤ ዲያታላዋ ካምፕ ታሰረ። በ1915 ወደ አውስትራልያ አጋዙት። በ1916 አገርህ ግባ ብለው ሲለቁት በሃዋይ በኩል ቻይና ገባ፤ አሳቡ እንደምንም ወደ በርማ ድንበር መጠጋት ነበር። ቻይናም ጦርነቱን ተቀላቀለችና እዚያም አሰረችው። በ1919 ጀርመን መለሱት። ሲሎን አላስገባ ስትለው በ1920 ጃፓን ሄዶ ፓሊና ጀርመንኛ እያስተማረ ኖረ፤ የ1923ቱን የቶኪዮ የምድር መንቀጥቀጥም ተረፈ። በ1926 ተፈቅዶለት ደሴቱን ሲያገኛት ዱሩ ውጧት ነበር። እንደገና መነጠረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ መጣና በ1939 እንደገና ታሰረ፤ በ1941 ወደ ሰሜን ህንድ፣ ወደ ዴራዱን ካምፕ ወሰዱት። የተመለሰው በ1946 ነው፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ። በየካምፑ ሥራው መተርጎምና ማስተማር ነበር።

በ1950 የሲሎን ዜግነት ተሰጠው። የቡድሂስት ቃላትን የሚፈታው መዝገበ ቃላቱ በ1952 ታተመ፤ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። በሜይ 28 ቀን 1957 ኮሎምቦ ላይ አረፈ። አገሪቱ በመንግሥት ደረጃ ቀበረችው። ያሰረው የቅኝ ግዛት መንግሥት አልፏል፤ በደሴቲቱ ገዳም ግን ዛሬም መነኮሳት ይኖራሉ።

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ለሁለት ሰዎች ቃል አለኝ።

አንደኛው ለወላጅ ነው። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ልጅዎ ስለ ቡድሃ የሚናገር መጽሐፍ ይዞ ቢያገኙት አይጩኹበት፣ መጽሐፉንም አይቀሙት። አጠገቡ ይቀመጡና ምን እንዳነበበ፣ ምን እንዳስጨነቀው ይጠይቁት። እርስዎም የሚያምኑትን በሙሉ ልብዎ ይንገሩት፤ ልዩነቱን አይደብቁበት። ከዚያ «በራላም ወይዋስፍ»ን ያውሩለት፤ የአባ እንባቆምንም ታሪክ ይንገሩት። ልጁ ከቤታችሁ መጻሕፍት ጋር ሳይተዋወቅ ከቤት እንዳይወጣ።

ሁለተኛው ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለጠያቂው ወጣት ነው። አንዲት አጭር ቪዲዮ ብቻ አይተህ ቡድሂስት ነኝ አትበል። የቡድሃን ንግግሮች ራሳቸውን ፈልገህ አንብብ፤ ዛሬ ተተርጉመው በነፃ ይገኛሉ። ለመተው የተዘጋጀኸውን ነገር ከመተውህ በፊት በደንብ እወቀው፤ የተጠመቅህበትን ወንጌል ዳግመኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው። ለእናትህም ከሰው ሳትሰማ አንተው ንገራት።